አቦል ጠጥቶ የሚሄድ እንግዳ

ፒያሳ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ መካከለኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ መሥራት የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ አብልጬ የሰማሁት ጥያቄ፣ ቁርሱን በልቶ ሻንጣውን ወደ ሎቢ ያወረደ እንግዳ የክፍሉን ቁልፍ እየመለሰ የሚጠይቀኝ ነው። «አውሮፕላኔ የሚነሣው ማታ ነው፤ እስከዚያ ምን ማየት እችላለሁ?» ይለኛል። ይህ ሰው ከተማዋን ገና ሳያያት ሊሰናበታት ቆርጧል፤ ክፍሉን የያዘው ለአንድ ሌሊት ነው፣ ቀጣዩን ሌሊት የሚያድረው ናይሮቢ ወይም ዱባይ ወይም ጆሃንስበርግ ነው። ለብዙ ዓመታት መልሱን ከመስጠት አልፌ ጥያቄው ራሱ ስለ አዲስ አበባ ምን እንደሚናገር አላሰብኩም ነበር።

ነገሩን ያሳሰቡኝ ከሆቴላችን ጀርባ ባለው መንደር ቡና ያፈሉ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። እንግዶቼን አንድ ስኒ እንዲጠጡ ወደ እሳቸው እልክ ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቀን «ልጄ፣ የምትልካቸው ሰዎች ሁሉ አቦሉን ጠጥተው ይነሣሉ፤ ቶናው ሳይደርስ የሚሄድ እንግዳ ቤቱን አላወቀውም» አሉኝ። የተናገሩት ስለ ቡናቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ከተማዋ ዕድገት ሲነገር በሰማሁ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነው፤ አዲስ አበባ አቦልን በደንብ ታቀርባለች፣ ቶናው ላይ ግን እንግዳዋን ታጣለች።

የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያመጣልን ሌላ ነው። አንድም አየር መንገዱ ያመጣዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የተስፋፋው የቦሌ ተርሚናል በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የማስተናገድ አቅም ይዟል፣ ከዚህ መካከል እጅግ ብዙው ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው የሚያልፍ ሲሆን፣ ቀጣይ በረራው የሚዘገይበት መንገደኛ ከተማችን ውስጥ ያድራል። አንድም ስብሰባ ያመጣዋል፤ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫቸው እዚህ በመሆኑ፣ በየዓመቱ በየካቲት የመሪዎች ጉባኤ ሲደርስ በከተማዋ ባዶ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱም ሌሎች ከተሞች የሚመኟቸው ሀብቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም እንግዳውን የሚያመጡት ለራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛውን ሌሊት ማትረፍ ያለባት ከተማዋ ራሷ ናት።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። የትራንዚት መንገደኛ በአየር መንገዱ ወጪ ያድራል፣ እራቱንና ቁርሱን እዚያው ሆቴል ይበላል፣ በሆቴሉ ሚኒባስ ወደ ቦሌ ይመለሳል። ከክፍሉ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለመንግሥት ይገባል፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታሰባል፣ የቀረው የሆቴሉ ነው፤ ከሆቴሉ በር ውጭ ያለ ሰው ግን አንዲት ብር አያገኝም። ያው እንግዳ አንድ ቀን ጨምሮ ቢውል ታክሲ ይይዛል፣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ምሳውን ውጭ ይበላል፣ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፤ ያ ጋቢ ደግሞ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች እዚያው ጉለሌ ውስጥ የሸመኑት ሊሆን ይችላል። በቱሪዝም የምትተዳደር ከተማ ማለት እንግዳ የሚበዛባት ብቻ ሳትሆን፣ የእንግዳው ገንዘብ ከሆቴሉ በር ወጥቶ መንገድ የሚያቋርጥባት ናት ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ማለፊያ በር ሆና የቆየችው በአጋጣሚ አይደለም። በ1950ዎቹ የሀገራችንን የቱሪዝም ሥራ የመሠረቱትና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ የሰጡት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ፣ እንግዳውን ወደ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር የሚወስደውን ታሪካዊ የጉብኝት መስመር ሲዘረጉ፣ ዋና ከተማዋ የመነሻና የመመለሻ ማረፊያ ሆነች። መስመሩ ትክክል ነበር፤ ላሊበላን ያላየ ሰው ኢትዮጵያን አየሁ ለማለት ይቸግረዋል። ነገር ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የደረሰው ጦርነትና ግጭት ያንን መስመር ሲያናጋው፣ ቱሪዝሙን በብዙ መልኩ መሸከም የነበረባት አዲስ አበባ ሆነች። በዚያ ወቅት ዕረፍት አጥቼ ያሰብኩት፣ ከተማችን ለዚህ ሸክም የተዘጋጀች መሆን አለመሆኗን ነበር።

በእውነት ለመናገር ዝግጅቱ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። የአንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሕዝብ ሲከፈት፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ በአጥሩ ሥር ስናልፍ የኖርነውን የታላቁን ቤተ መንግሥት ግቢ ገብተን አየን። ከዚያ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ተከተሉ፣ የመስቀል አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የሳይንስ ሙዚየም ተጨመሩ፤ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ ከጀመርኩበት ጊዜ አንሥቶ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ የማውቀው የፒያሳ ቦታ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ ተመረቀ። ያንን ቀን አልረሳውም። ከሆቴላችን በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቅ፣ ለማንም አፍሪካዊ እንግዳ ታሪኩን ሳላስረዝም የማሳየው ነገር አገኘሁ። በጉባኤ የመጡ ከጋና፣ ከዛምቢያና ከሴኔጋል የሆኑ ሰዎች ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የማነበውን ስሜት ለማንም ለመግለጽ እቸገራለሁ፤ ብዙዎቹ ስለ 1888ቱ ድል በትምህርት ቤት ሰምተዋል፣ ስሙን ከቦታ ጋር የሚያገናኙት ግን እዚህ ነው።

ለእንግዶቼ የምሰጠው በእጄ የሣልኩት ካርታ አለ። የመጀመሪያውን በ2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ወረቀት ላይ ሣልኩት፤ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ እስከ ስድስት ኪሎ የሚደርስ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የእግር ጉዞ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይጀምራል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያ ነው። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኖረው ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይወርዳል፤ ካርታውን በሣልኩበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ እሳት ተነሥቶበት ሕዝብ ጃዝ ይሰማበት የነበረው አዳራሽ ስለወደመ ከካርታዬ የሰረዝኩት የመጀመሪያው ነጥብ እሱ ነው። ከወርቅ ቤቶቹና ከቶሞካ ቡና በኋላ መንገዱ በራስ መኮንን ድልድይ አልፎ ወደ አራት ኪሎ ይወጣል። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉበት ሲሆን፣ በግቢው ለኢትዮጵያ ነጻነት የታገለችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስትም ተቀብራለች፤ ይህን የማያውቁ የእንግሊዝ እንግዶች መቃብሯ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው አይቻለሁ። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን ይዟል፤ ስድስት ኪሎ ሲደረስ የየካቲት 12 ሐውልት ይቀበላል፣ ከፊቱ ባለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ሆኖም እንግዳው ሲመለስ የሚያወራልኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሙዚየሞቹ አልነበረም። በዶሮ ማነቂያ በኩል ሲያልፍ ስለሸተተው የሥጋ ጥብስ፣ ባለ እንጨት ሰገነት በሆነ አሮጌ ቤት ደጃፍ ዳማ ስለሚጫወቱ ሽማግሌዎች፣ ሂሳብ አልቀበልም ብለው ስላስቸገሩት ቡና አፍይ እናት ያወራል። ይህን ሲያወራ አይኑን አይቼ ሌላ አንድ ሌሊት እንደሚጨምር አውቅ ነበር። ለብዙዎቹ በርግጥም ክፍላቸውን አራዝሜያለሁ።

በዓላቱም የሚያስረዱት ይህንኑ ነው። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል፤ በደመራ ዋዜማና በከተራ ሰሞን ሆቴላችን የሚያድረው እንግዳ ሦስትና አራት ሌሊት ይቆያል። ወደ ጃንሜዳ ታቦታቱን አጅቦ የሚወርደው ሕዝብ ግን ለቱሪስት ብሎ አይደለም የሚወርደው። እንግዳን የሚያቆየው ነዋሪው ለራሱ ብሎ የሚያደርገው ነገር ነው። የከተማ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ይህን አንድ ነገር በልባቸው ቢይዙልኝ እወዳለሁ።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ሲጀመር ሁለት ስሜት በአንድ ላይ ተሰማኝ፤ ዛሬም ሁለቱም አብረውኝ አሉ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት አለው፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ቀድሞ ለሴት እንግዶቼ «ከመሸ በእግር አትሂዱ» እል ነበር፤ አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዓድዋ መታሰቢያ እስከ አራት ኪሎ በእግራቸው ሄደው ሲመለሱ ልቤ ደስ ይለዋል። ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከሩቅ ሰፈር የሚመጡት መብራቱን ለማየት ነው፤ የሀገር ውስጥ ጎብኚ የሚባለውም እሱ ነው፣ ይህንን እንደ ትንሽ ነገር ማየት አይገባም። የእግረኛ መንገድ ክብር ነው፤ ለአካል ጉዳተኛም፣ ለአዛውንትም፣ ለሕፃንም።

ነገር ግን ከመንገዱ ጋር መንደሩም ተነሥቷል። ዶሮ ማነቂያ ዛሬ በካርታዬ ላይ የለም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ፤ ስሙን ከጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያገኘው ያ ሰፈር፣ ለምሽት ቤቶቹና ለአዝማሪዎቹ ሲባል እንግዶቼን የምልክበት ነበር። ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከነበረበት ቦታ ከተነሡት አንዱ ነው። በእነዚያ ሰፈሮች ብዙው ቤት ያረጀ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው የጋራ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፤ ያደግኩት በእንደዚህ ዓይነት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ ማንም ሰው በዚያ ችግር ውስጥ ለእንግዳ ትርኢት ሲል እንዲኖር አልመኝም። ጥያቄዬ ቤቱ ለምን ተለወጠ የሚል ሳይሆን፣ ሰውየው ከአዲሱ ቤት ጋር ለምን እዚያው አልቆየም የሚል ነው። በአንድ መንደር ቦታ ላይ ከሚነሡት ሕንፃዎች የምድር ወለላቸው ላይ ጠባብ ጠባብ ሱቆች ተከፍለው፣ ቡና ለምታፈላው፣ ጫማ ለሚሰፋው፣ ፍትፍት ለምትሸጠው በሚችሉት ኪራይ ቢሰጡ፣ መንገዱ ውበቱንም ሕይወቱንም ይዞ ይቀጥል ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ እንግዳዬ ባማረው መንገድ ላይ ረጅም ርቀት ተጉዞ፣ የሚቀመጥበትና ገንዘቡን የሚያወጣበት ቦታ ሳያገኝ ሲመለስ አያለሁ፤ ፎቶ አንሥቶ ይመጣል፣ ክፍሉን ግን አያራዝምም።

ምሽቱ ለብቻው የሚታሰብበት ነገር ነው። ሙዚየሞቹ ከመምሸቱ በፊት ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ እንግዳውን ምን ላሳየው? ከአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ቴአትር ቤቶች አንዱ የሆነው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ፒያሳ ውስጥ አለ፤ ብሔራዊ ቴአትርም ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሩን ከፍቷል። የሚታየው ትርኢት በአማርኛ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የታሪኩ አጭር መግለጫ በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ታትሞ በመግቢያው ቢሰጥ ግን እንግዳዬ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ይከታተላል። ሁለት ጊዜ ራሴ በእጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱም እንግዶች በማግሥቱ ስለ ተዋናዮቹ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና አንድ ተርጓሚ ነው፤ ይህን ከመሰለ ትንሽ ሥራ የሚገኝ ትርፍ ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል ከመገንባት ያነሰ አይመስለኝም።

ስለ ሆቴሎች ካነሣሁ፣ ቦሌ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው ስካይላይት ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ ክፍሎች አሉት። ትልልቅ ሆቴሎች ያስፈልጉናል፤ ያለ እነሱ ትልቅ ጉባኤ አይመጣም። ነገር ግን አንድ እንግዳ አየር ማረፊያው አጠገብ አድሮ፣ እዚያው በልቶና ዋኝቶ፣ ፒያሳን ሳያይ መሄድ ቀላል ሆኖለታል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ለውጭ እንግዳ ከተማችን ረከሰች፣ ለእኛ ግን ኑሮው ከበደ፣ ለሆቴሉም ከውጭ የሚገባው የሊፍት መለዋወጫና የአንሶላ ጨርቅ ጭምር ተወደደ። እንግዳ በርካሽነቷ የሚመርጣት ከተማ ሌላ የባሰ ርካሽ ከተማ ሲያገኝ ይተዋታል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባት ከተማ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ መብዛቱም አንድ ቀን በግልጽ ልንነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ግን አልገባበትም።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ነው። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ የታሰበ ነው፤ ለሀገሪቱ ያለው ጥቅም ትልቅ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ዛሬ ቦሌ ያረፈ መንገደኛ መንገድ ካልተዘጋበት በግማሽ ሰዓት ገደማ ፒያሳ ይደርሳል፤ ነገ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያረፈ መንገደኛ ግን ስምንት ሰዓት ብቻ ካለው ወደ ከተማዋ ለመግባት ሁለት ጊዜ ያስባል። በዙሪያው ሆቴሎችና የገበያ አዳራሾች ይነሣሉ፤ ያኔ የመጀመሪያው ሌሊት ራሱ ከእጃችን ይወጣል። ስለዚህ ከተማዋ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰው ሆን ብሎ፣ መንገድ አቋርጦ የሚመጣባት ቦታ መሆን አለባት፤ ፈጣን ባቡርም ቢሠራ ሰው የሚሳፈረው የሚሄድበት ነገር ሲኖር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወርደው ቤት ሲያሠሩ የሳባቸው የቦታው ጸጋ ነበር፤ መኳንንቱና ሕዝቡ ተከትሎ የሰፈረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ዓመት አራተኛውን ካርታዬን ሣልኩ። የዓድዋ መታሰቢያን፣ አዲሱን የእግረኛ መንገድ፣ በድልድዩ ሥር የተሠራውን የወንዝ ዳርቻ አስገብቻለሁ፤ ሽሮ ሜዳንና እንጦጦን በሁለተኛ ቀን ጉዞነት በወረቀቱ ጀርባ ጨምሬያለሁ። ከፊት ለፊቱ ግን «ቡና» ብዬ የምጽፍበት ቦታ ባዶ ቀረ፤ ቡና የለም ለማለት አይደለም፣ በየሕንፃው ሥር ካፌ አለ፣ ነገር ግን እንግዳን ቶና ሳይደርስ አትነሣም የሚል ሰው ያለበትን ቦታ ነበር ስፈልግ የነበረው።

ባለፈው እሑድ እኚያን እናት ለመጠየቅ በከተማዋ ዳርቻ ወደተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ሄድኩ፤ ሁለት ታክሲ ይዤ ጥቂት በእግሬ ተጓዝኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መብራትና የራሳቸው መጸዳጃ ቤት አላቸው፣ በዚህም ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ ሰማኋቸው። ቡናውን በረንዳው ላይ አፈሉልኝ። «እዚህስ ይሸጣሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ለማን ልሽጥ ልጄ? ሰዉ ሁሉ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባ» አሉኝ። ከዚያ ስለ እንግዶቼ ጠየቁኝ፤ አሁንም ቡና የት እንደሚጠጣ እንደሚጠይቁኝ፣ እኔም በአዲሱ ሕንፃ ሥር ወዳለው ካፌ እንደምልካቸው ነገርኳቸው። እዚያ አንድ ስኒ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። ዋጋውን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ስኒዬን ተቀብለው አለቀለቁና ቶናውን ቀዱልኝ።